የእሺታ ዋጋ

ኔሪና እባላለሁ፣ መዝገብ ያዥ ነኝ እኔ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ፋክቱር ያየ ዓይኔ፣
በትሪየስቴ ወደብ፣ ከቫልቭ ፋብሪካው ፎቅ፣
የዐሥራ አንዱን ሰው ደሞዝ በሳንቲም የማውቅ።

አሲድ የማይበላው፣ ዝገት የማይደፍረው፣
ሊቪዮ ስታንቺች በእጁ የሞረደው፣
ሠላሳ ስድስት ቫልቭ ገዢ ተገኘለት፤
ችግሩ አንድ ብቻ፦ የገዢው አገር ላይ ማዕቀብ አለበት።
«ለወተት ማሽን ነው» ይላል የገዢው ቃል፤
ወተት ያሳለፈ ሌላም ያሳልፋል።

መጀመሪያ ጻፍን ለኡዲኔው ጠበቃ።
መልሱ አንድ መስመር ነው፣ ፊርማ አለበት፣ በቃ፦
«አይሆንም። አትላክ።» ሒሳቡ አርባ ዩሮ።
ሊቪዮ አነበበው ግንባሩን ቋጥሮ፤
«ፈሪ ሽማግሌ» አለና አጣጥፎ
ሰጠኝ እንዳኖረው፣ በአጠገቤ አልፎ።
አኖርኩት በማኅደር፣ በሰማያዊው ሆድ፣
ከአሮጌ ካላንደር፣ ከአምና የዋስትና ሰነድ።

ኦንዲና ኮሱታ፣ ቢሮዋ ከባሕር ፊት፣
በሳምንት መለሰች ባለ ዘጠኝ ገጽ ጽሕፈት፤
አንቀጽ በአንቀጽ ላይ፣ የግርጌ ማስታወሻ፣
«የሚከለክል የለም» ይላል መጨረሻ።
ዘጠኝ መቶ ዩሮ፤ እኔው ነኝ የከፈልኩ።
እንቢታ ሲረክስ፣ እሺታ ሲወደድ፣ ያኔ ነው ያወቅኩ።

ስሕተቷ ቀጭን ናት፣ ስፋቷ የአንድ ጸጉር፤
ማክሰኞ ያየችው የእገዳው ዝርዝር
ሐሙስ ተለወጠ፣ ጨመረ አንድ መስመር።
ፊርማዋን ያኖረች ዓርብ ከሰዓት ነበር።

ቦራ የሚሉት ነፋስ ወደቡን ሲገርፈው
ኮንቴይነሩን ጉምሩክ ከመርከብ አወረደው።
ባንኩ በሩን ዘጋ፣ ቅጣትም ተቆረጠ፤
በያጁ ዳሪዮ ታክሲ መንዳት መረጠ፣
ሌላው በየቤቱ ስልክ እያየ ተቀመጠ።

ሊቪዮ ከሰሳት፦ «ጠበቃዬ ብዬ፣
ሳትጠብቂኝ ቀረሽ፤ ከሰርኩኝ ምክርሽን አምኜ ተከትዬ።»
እሷም አልካደችም። «አዲሱን አላየሁም»
አለች ረጋ ብላ። የብዕር ወለምታም በቅቤ አይታሽም።

የመድን ድርጅቷ ጠበቃ ግን ተነሣ፣
ሳል የሚያስቸግረው፣ ድምፁ የሳሳ፤
አንድ ብቻ ጠየቀ፦ «እሷ በዚያን ዕለት
አትላክ ብትልህ፣ ትተወው ነበር ወይ? ንገረን በእውነት።»

ሊቪዮ ዝም አለ። ውሃ ጠጣ፣ ቆየ።
ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደኔ ዞሮ አየ።
«አዎን» አለ ለዳኛው፤ ዓይኑ ግን እኔው ላይ ነበረ።
የምስክርነት ቃሌ ለነገ ጧት ሦስት ሰዓት ተቀጠረ።

ስንወጣ ኦንዲና፣ ከደረጃው አጠገብ፣
ቀድማ ያዘችልኝ የሊፍቱን በር ሳስብ።
«ልጅሽ እንዴት ናት?» አለችኝ፤ ዳነች ወይ ሳንባዋ?
ምንም አታውቅም እሷ፤ ከመሳቢያዬ ሆድ መተኛቱን ዕዳዋ።

ማታ ቢሮ ገባሁ። ማሽኖቹ ዝም ብለዋል፤
የመሳቢያው ሐዲድ እንደ ድሮው ጣት ይነክሳል።
ሰማያዊው ማኅደር አለ እንደነበረ፣
በአርባ ዩሮ የተገዛ አንድ መስመር እውነት፣ ሦስት ዓመት ያደረ።

ባወጣው፣ ሊቪዮ ቤቱን ይሸጥበታል፤
እናቱ ያሉበት፣ በረንዳው ወይን የሚያቅፈው... ሰው በምን ይጨክናል?
ብተወው፣ ያጠፋች ሴት ባጠፋችው ልክ ሳይሆን
የእኛንም ደርባ ልትሸከም ሆነ።
(ይኸኛው ቤት አልገጠመም። አልነካካውም። ይሁን።)

ክብሪት እዚሁ አለ። ወረቀት ቀላል ነው፤
ግን መዝገቡን ሳብኩና ያን የካቲት ገለጥኩ፣ ገጹን ፈልጌው፤
ማንም ያልጠየቀኝ፣ ከቴምብርና ከቀለም ወጪው መሐል፣
በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ የማይፋቅ ቀለም፣ እንዲህ ሰፍሯል፦

«የካቲት አራት ቀን። ለኡዲኔ። ለምክር። አርባ ዩሮ። ተከፍሏል።»